ብልሁ ኮፍያ የደፋ ጊዜ

እንጀራዬ የተመሠረተው በአንድ ቃል ላይ ነው፤ "በርዶኛል" በሚለው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ የአንድ ያረጀ የኪራይ ሕንፃ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሕንፃው ባለ ስምንት ፎቅ ነው፤ ቧንቧው፣ መብራቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሞቂያው በእኔ እጅ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ተከራዮቹ የሚደውሉልኝ "እንደምን አደርክ" ለማለት አይደለም። አንዱ በርዶኛል ይላል፣ ሌላዋ በርዶኛል ትላለች፣ እኔም መፍቻዬን ይዤ ደረጃ እወጣለሁ።

ሥራውን ያስለመዱኝ ሽማግሌ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ግን አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውኛል። "ሰው በርዶኛል ካለህ ቁጥር አታንብብለት። ሂድና ብረቱን በእጅህ ዳስሰው።" ይህችን ምክር ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ስሠራባት ኖርኩ። በገዛ ቤቴ ግን ረሳኋት፤ የረሳሁባቸውም ሰው አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ናቸው።

ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በዕድሜ እኔንም ሚስቴንም የሚበልጥ የጡብ ቤት። በየክፍሉ መስኮት ሥር ከባድ የብረት ራዲያተር ተቀምጧል። ራዲያተር ሲባል የመኪናው ብቻ ትዝ የሚለው ሰው አይጠፋም፤ ይኼኛው ከቤዝመንቱ፣ ከምድር ቤቱ፣ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር የሚመጣው ሙቅ ውሃ እየዞረበት ክፍሉን የሚያሞቅ ነው። በጎኑ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ አለው። ቤቱን የገዛን ዓመት በየቫልቩ ላይ ከዜሮ እስከ አምስት ቁጥር የተጻፈበት ክብ መዘውር ራሴው ገጠምኩበት። ውስጡ ሰም አለ። ክፍሉ ሲሞቅ ሰሙ ያብጥና ውሃውን ይዘጋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ይከፍተዋል። ባትሪ የለው፣ ገመድ የለው። ሦስት ላይ አድርገህ ከተውከው ሦስት ላይ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው።

እኔ ግን አዲስ ዕቃ ሳይ ልቤ ይሸፍታል። ይህን ሚስቴም ታውቃለች፣ የመሣሪያ ሱቁ ሰዎችም ያውቃሉ። በዚያ ላይ ኮሌጅ የምትማር ልጅ አለችን። ካቻምና ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት አንድ ቀን ሳሎን ውስጥ የራዲያተሩን ቁጥር ስታዞር ቆየችና "ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ኦልድ። ከስልክህ ላይ ኮንትሮል ማድረግ ትችላለህ እኮ" አለችኝ። ይህን ለእኔ መንገር ለሰካራም የጠጅ ቤት በር ማሳየት ነው። በሳምንቱ ስድስት ስማርት ቫልቭ ታቅፌ ገባሁ።

አሮጌዎቹን ነቃቅዬ ባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ ከተትኳቸውና አዲሶቹን ገጠምኩ። ነጫጭ ናቸው፤ በውስጣቸው ትንሽ ሞተር፣ ባትሪና የሙቀት መለኪያ አላቸው፤ ግንባራቸው ላይ ዲግሪው በብርሃን ይታያል። ሰው ሲተኛ ይቀንሳሉ፣ ሊነሳ ሲል ይጨምራሉ። ስልኬን ስከፍት ስድስቱም ክፍሎች ከነዲግሪያቸው ተደርድረው ይታዩኛል። እጄ ከገባ ብዬ የበረንዳውን መብራትና የውጭውን በር ቁልፍም ወደ ስልኩ አስገባሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መብራቱ በጠራራ ፀሐይ እየበራ ማታ ይጠፋ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ በሩ ሚስቴን ከነአስቤዛዋ ውጭ ቆልፎባት፣ እኔ ከሥራ ቦታዬ ሆኜ በስልክ እስክከፍትላት ድረስ በረንዳ ላይ ቆማ ቆየች። "ቤቱን በሙሉ ስልክህ ውስጥ ከከተትከው እኛ የት እንደር?" አለችኝ ስገባ። ተሳሳቅንና አለፈ።

አማቴ ያን ጊዜ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመት አልፏቸው ነበር። የመጡት ከደብረ ብርሃን ነው፤ ሚስቴ ፕሮሰሱን ጀምራላቸው፣ ስንት ጊዜ ወረቀት ጎድሎ፣ ስንት ጊዜ ቀጠሮ ተላልፎ። እዚህ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ ታላቂቱ ሚስቴ ናት፣ ታናሺቱ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አፓርታማ ተከራይታ ለብቻዋ ትኖራለች። ሚስቴ ከእናቷ ከተለየች ሃያ ዓመት ሆኗት ስለነበር "ከእንግዲህ እኔ ጋ ነሽ" ብላ ወደ ጓሮ የሚያየውን የታችኛውን ክፍል ሰጠቻቸው።

እኔና አማቴ አንቱ እንባባላለን። የእኔ አንቱ ማለት ወጉ ነው። እሳቸው ግን እኔንም አንቱ ይሉኛል፤ ባደጉበት ደንብ አማች አንቱ ይባላል፣ በፊቱ እንደ ልብ አይበላም፣ እሱም የአማቱን መኝታ ክፍል አይረግጥም። "ልጅዎ አይደለሁ? አንተ ይበሉኝ እንጂ" ስላቸው "እሺ" ይሉና ወዲያው "ሻይ ይጠጣሉ?" ይሉኛል። ልጄ ይህን በሰማች ቁጥር ትንከተከታለች። እኔም ደንባቸውን አክብሬ፣ ከክፍላቸው ደጃፍ ላይ ቆሜ ከማነጋገር አልፌ አላውቅም። የእሳቸውን ቫልቭ እንኳ የቀየርኩት ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ነው።

እንዲህ ስል ግን አንነጋገርም ማለቴ አይደለም። ከሥራ ስገባ የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው። "ዛሬስ ስንት ሰው አሞቁ?" ይሉኛል፣ ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ። ሦስት ካልኳቸው ስለ ሦስቱም አንድ በአንድ ይጠይቁኛል፤ ሽማግሌ ናቸው? ልጆች አሏቸው? ቧንቧው ምን ሆኖ ነው? ሁሉን ከሰሙ በኋላ "እጅዎ ይባረክ" ብለው ይዘጉታል። ልጄ አባቷ ቢልዲንግ ውስጥ እንደሚሠራ ታውቃለች፣ ሚስቴ እንደደከመኝ ታውቃለች። ስለ ቧንቧው የሚጠይቁኝ ግን አማቴ ብቻ ናቸው። ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲያውም ከሥራ ስመለስ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰናዳሁ ነበር የምመጣው።

እጃቸው ሥራ አይፈታም። ክርና ኪሮሻቸው ከአጠገባቸው አይለይም። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ማይክሮዌቩ ለብሷል፣ የሶፋው ክንዶች ለብሰዋል። አንድ ቅዳሜ የእኔን የመሣሪያ ሣጥን ሳይቀር ዳንቴል ደርቦ አገኘሁት። እንዳለ ይዤው ሥራ ሄድኩ። የሥራ ጓደኞቼ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁብኝ ከረሙ፤ እኔም አላወለቅኩትም።

አዲሱ ቫልቭ የገባ ዕለት አማቴ ልጄን ጠርተው "ስማርት ማለት ምን ማለት ነው?" ብለው ጠየቋት። "ስማርት... ላይክ፣ ጎበዝ። ብልህ" አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲሱ "ብልሁ"፣ አሮጌው "ሞኙ" ሆኖ ቀረ። እኔም ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ማብራሪያ ሰጠሁ።

"እማማ፣ ከእንግዲህ መነካካት የለም። ክፍሉ ስንት እንደሆነ ራሱ ያውቃል፤ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። አይንኩት።"

"ምንም አልነካው?"

"ምንም።"

"ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል" አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሞኙን እንዴት ይይዙት እንደነበር ግን ልብ አላልኩም። ሲተኙ ሁለት፣ ሲነሱ አራት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ከገባች አንድ። እንደ ጓዳቸው ዕቃ ነበር የሚያውቁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነበር፤ ያን ጊዜ ዓይኔ ቆጡ ላይ ስለነበር አልታየኝም።

ገና ካለፈ በኋላ ብርዱ ጠና። አማቴ ቤት ውስጥ ጋቢ ደረቡ። ቀጥሎ ካልሲ በካልሲ ላይ። ቀጥሎ ክራቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ ኩሽና፣ ምድጃው አጠገብ መዋል ጀመሩ። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ይፈራል ብዬ አላስብም። እሳቸውም በመጡበት ዓመት "ይኼ ምን ብርድ ነው፤ የእኛን አገር ጠዋት አላያችሁ" ይሉን ነበር። ስለዚህ ጋቢውን ሳይ ዕድሜ ነው አልኩ። ኩሽና መዋላቸውን ሳይ ሰው ናፍቋቸው ነው አልኩ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ። ስልኬን ስከፍት ደግሞ የእሳቸው ክፍል ሰባ ሁለት ነው ይለኛል። በዚህ አገር አቆጣጠር ሰባ ሁለት ዲግሪ፣ በእኛ ሃያ ሁለት ግድም፣ ለማንም ሰው ይበቃል፤ ሳሎናችን እንኳ ስድሳ ስምንት ነበር።

እራት ላይ ሳይቀር አነብላቸው ነበር። "የእማማ ክፍል ሰባ ሁለት! ከሁላችንም የሞቀው የእርስዎ ነው።"

"ብልሁ ነው እንዲህ ያለው?"

"አዎ።"

"እንግዲህ እሱ ካለ..." ይሉና ወደ ሳህናቸው ያጎነብሳሉ። እኔ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

በዚያው ሰሞን ከሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ አንድ አዛውንት በርዶኛል ብለው ደወሉ። ሄድኩ፣ ብረቱን ዳሰስኩ፣ ቀዝቃዛ ነው። ዞር ብዬ ሳይ አዲስ የገዙትን ሶፋ ቫልቩ ላይ አስደግፈውታል። ቫልቩ በሶፋውና በግድግዳው መሃል ታፍኖ፣ እዚያው የታፈነችውን አየር እየለካ፣ ቤቱ ሞቋል ብሎ ውሃውን ዘግቷል። ሶፋውን ሳብኩላቸው፣ አለቀ። ቤት ገብቼ ለአማቴ ስተርክላቸው አንበሳ የገደልኩ መስዬ ነበር።

"ቫልቭ እኮ የሚያውቀው አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው። ማዶ ያለው ሰው ቢንቀጠቀጥ አያይም" አልኳቸው።

"እንደ ሰው" አሉ።

እውነትዎን ነው አልኩና እንጀራዬን ጠቀለልኩ።

የካቲት ሲገባ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ አማቴ ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ሆነው "ታናሺቱ ጋ ብሄድ ደስ ይለኛል" አሉ።

"ለስንት ቀን፣ እማዬ?" አለች ሚስቴ።

"እንግዲህ... እዚያው ልሁን። ብቻዋን ናት እኮ።"



ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ ሚስቴን ቤዝመንት ውስጥ ልብስ ስታጣጥፍ አገኘኋት። "ምን ብለሃት ነው?" አለችኝ።

"ምን እላቸዋለሁ?"

"ፊት ነስተሃት ይሆናል፤ ሳታውቀው።"

"እኔ? ከሥራ ስገባ ከማን ጋር ነው የማወራው? ከአንቺ ጋር ነው?" ተቆጣሁ። እኔ ስቆጣ ድምፄ ከቦይለሩ ይበልጣል። ሚስቴ የያዘችውን ፎጣ አስቀመጠችና አለቀሰች። "ሃያ ዓመት ጠብቄ አንድ ዓመት ተኩል ብቻ? ምን ጎድሎባት ነው? እኔ ምን አጉድዬባት ነው?" አለች።

እኔም ከፍቶኝ ነበር። አማቱን አባረረ የሚለው ወሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በልትስቪል ለመድረስ ከመኪና እንደሚፈጥን አውቃለሁ። ያስጨነቀኝ ግን ወሬው አልነበረም። ዛሬስ ስንት ሰው አሞቁ የሚለኝ ሰው ሊሄድብኝ ነው። አጠፋሁ እንዳልል ጥፋቴን አላውቀውም፤ ፊት ለፊት እንዳልጠይቃቸው ደግሞ አንቱታው መሃላችን እንደ አጥር ቆሟል።

የሚሄዱበት ቅዳሜ ደረሰ። ሁለት ሻንጣዎች በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሚስቴ ኩሽና ውስጥ የታጠበ ዕቃ መልሳ ታጥባለች። ልጄ ሶፋው ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች፣ ግን ስልኳን አታይም። መኪናውን አሙቄ ስገባ አማቴ በእጃቸው ፌስታል ይዘው ሳሎን መሃል ቆመው ጠበቁኝ።

"ከቤትዎ እንዲሁ አልወጣም" አሉኝ። "ትናንት ነው የጨረስኩት። አምስት ናቸው።"

ፌስታሉን ከፈትኩ። አምስት ትናንሽ ኮፍያዎች። ከወፍራም የሱፍ ክር የተሠሩ፣ ውስጣቸው በብርድ ልብስ ቁራጭ የተገበረ፣ ጠርዛቸው ላይ ዳንቴል የዞረባቸው። ቀለማቸው ሰማያዊ ነው፣ የሥራ ልብሴ ዓይነት ሰማያዊ። ለሕፃን እንዳልል ለሕፃን ጭንቅላትም ያንሳሉ።

"ለማን ናቸው፣ እማማ?"

"ለብልሆቹ ነዋ! በየክፍሉ ላሉት። የእኔው ከገና ጀምሮ ለብሷል።"

መጀመሪያ የገባት ለልጄ ነው። "ኦ ማይ ጋድ" አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

እኔ ደንቡንም ረሳሁት፤ ቀጥ ብዬ ክፍላቸው ገባሁ። መስኮቱ ሥር ብልሁ ሰማያዊ ኮፍያውን እስከ አንገቱ ደፍቶ ተቀምጧል። እጄን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ድንጋይ ነው። ኮፍያውን ገለጥ አድርጌ ጣቴን ከሥሩ ሰደድኩ፤ ይሞቃል። ከታች የሚመጣው ቧንቧ ሁልጊዜ ሙቅ ነውና ሙቀቱ ኮፍያው ውስጥ ታፍኗል። ቁጥሩ ያበራል፤ ሰባ ሁለት። አልዋሸም፤ ኮፍያው ውስጥ በእርግጥ ሰባ ሁለት ነበር። የአልጋቸው ራስጌ ጋ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢና የሚስቴ አሮጌ ካፖርት ተደራርበው ተቀምጠዋል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አማቴ ተከትለውኝ መጥተው በገዛ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ቆሙ። "አጠፋሁ እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ያጠፉትስ ማሞቂያውን ነው" አልኳቸው። "ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።"

ነገሩን አስረዳኋቸው። ኮፍያ ስላደረገ ሞቆታል፤ እሱ ሲሞቀው ክፍሉ የሞቀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይዘጋል። የሶፋውን ታሪክ አስታወስኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

"መስኮት ሥር ራቁቱን ነው ብዬ እኮ ነው። ቀን ከሌት ይሠራል፣ የሚያየው የለም። አይንኩት ስላሉኝ ምኑንም አልነካሁት፤ ከላይ ብቻ አለበስኩት። እርስዎ የገጠሙት ነው ብዬ፣ የልብስዎን ቀለም ፈልጌ..."

"እማማ፣ በርዶዎት ነበር?"

"ኧረ እንዴት አይበርደኝ!" አሉ። ከወር በላይ ታፍኖ የቆየ ነገር ነበርና ጮክ ብሎ ወጣ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንዴት ብዬ ልንገርዎት? እራት ላይ ሰባ ሁለት ነው ይላሉ። ሙያዎ ነው። የሰውን ቤት ሁሉ የሚያሞቅ ሰው፣ በገዛ ቤቱ አማቱ በርዶኛል ብትለው ዋሸህ ማለት አይሆንም? እኔ እርስዎን ዋሹ እላለሁ?" ከዚያም ጨመሩበት። "አንቱ ለሚሉት ሰው ደግሞ በርዶኛል አይባልም። ታናሺቱ ጋ ማሞቂያው የሕንፃው ነው፤ የማንንም ሙያ አልነካም ብዬ ነው።"

አፈርኩ። ስንቱ ባዕድ በርዶኛል ሲለኝ እየሮጥኩ ብረት ስዳስስ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ግን እሳቸውን ትቼ ስልኬን ሳነብ ከረምኩ። እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ብለው ከልጃቸው ሊለዩ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደብቅም።

ቤዝመንት ወርጄ የቡናውን ጣሳ አመጣሁ። ብልሁን ፈትቼ ሞኙን በቦታው መለስኩት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። "ይኸው። እንደ ድሮው ነው፤ እንደፈለጉ ይንኩት" አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አራት ላይ አደረጉት። ውሃው ሲገባ ብረቱ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። እጃቸውን ብረቱ ላይ አስቀምጠው ቆዩና "መጣ" አሉ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ። ሚስቴ እጇን እንዳረጠበች በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር መሰለኝ። ኮፍያውን እጄ ላይ ስታየው ግን ሳቅ አመለጣት፣ ከሳቁ ጋር እንባ፣ ከዚያ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "እኔ ምን አጉድዬ ነው እያልኩ ስንት ቀን! ቫልቭ ሲበርደው ታይቶሽ የራስሽ አልታየሽም?" ትላቸዋለች። እሳቸውም ይስቃሉ።

ታናሺቱ ምሳ ሠርታ ስለምትጠብቃቸው መሄዱ አልቀረም። ግን ሁለቱ ሻንጣዎች ወደ ቦታቸው ተመለሱና አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዘን አሌክሳንድሪያ አደረስኳቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄጄ መለስኳቸው። ሲገቡ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቀጥታ ክፍላቸው ሄደው ብረቱን ዳሰሱት። "ሞኙ ጠብቆኛል" አሉ።

ብልሆቹ በሌሎቹ ክፍሎች አሁንም አሉ፤ አልተጣላንም። ሳልነሳ ሳሎኑን ያሞቁልኛል፣ ሰው በሌለበት ክፍል ሙቀት አያባክኑም። እነሱ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ሥራዬን የረሳሁት እኔ ነኝ። ሞኙም ቢሆን ጉድ አለበት። በጋውን ሙሉ ሳይሠራ ስለሚከርም ውስጡ ያለችው ፒን የምትባል ቀጭን ብረት ትጣበቅና ውሃውን አላሳልፍም ትላለች፤ መድኃኒቷ በመፍቻ እጀታ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ነው። ኮፍያዎቹም አልተጣሉም። አንዱን ልጄ የውሃ ጠርሙሷ ላይ ደፍታዋለች፣ አንዱን ሚስቴ የስኳር ዕቃው ላይ፣ አንዱ የመኪናዬ ማርሽ ላይ ነው። ብልሁ ራሱ ለብሶት የነበረው ግን መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጧል። ተከራይ በርዶኛል ብሎ ሲደውል ሣጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ የመጀመሪያው ብርድ በገባ ጠዋት፣ ለሥራ ልወጣ ኩሽና ውስጥ ጫማዬን እያሠርኩ ነበር። ሚስቴ ሻይ ትቀዳለች። ከታችኛው ክፍል የአማቴ ድምፅ መጣ፤ ቤቱን የሞላ ድምፅ።

"አንተ! ና እስቲ፣ በርዶኛል!"

ሚስቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። "አንተ አለችህ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ስሰማ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን በአንድ እግር ጫማ ሮጥኩ። ሳላንኳኳ ገባሁና መጀመሪያ ብረቱን ዳሰስኩት። እውነታቸውን ነበር።